ብቻውን የሚጠርገው ሰው

ዱባይ ውስጥ በሙቀቱ ወራት ለሠራተኛ ውሃ የሚያድል ሰው አይጠፋም። ይህን ቀድሜ ልናገር። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ፣ እዚህ ሰው በፀሐይ ሲቃጠል ማንም ዞር ብሎ የማያየው ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። መስጊድ አጠገብና አንዳንድ ቪላ አጥር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀዳበት ማሽን ተተክሎ ታገኛላችሁ። ሰቢል ይሉታል። ባለቤቱ ውሃውንም መብራቱንም ይከፍላል፣ አላፊ አግዳሚው እየቀዳ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ «የሰፈሩ ፍሪጅ» የሚባል ዘመቻ ተጀምሯል። ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው መኪናዎች እየዞሩ ለግንባታ ሠራተኛው፣ ለጽዳቱ፣ ለዴሊቨሪው ውሃ፣ ጁስና አይስክሬም ያድላሉ። ኩባንያዎችም ይወጣሉ፣ ተራ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ።

እኔ የምጽፈው ይህ ሁሉ መልካም ነገር አልፎት ስለሚሄደው ሰው ነው።

ሥራዬ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነው። ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ነፃ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከአንዲት የፊሊፒንስ ባልደረባዬ ጋር ተመዝግበን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ወጣን። የሄድነው ትልቅ ሕንፃ ወደሚሠራበት ቦታ ነበር። ፎርማኑ ጮክ ብሎ ጠራቸው፣ ሰዎቹ ከየፎቁ ወረዱ። ያን ቀን አንድ ነገር አየሁ። ሰው በጣም ሲሞቀው ቀዝቃዛ ጠርሙስ ስትሰጡት ወዲያው አይጠጣም። መጀመሪያ አንገቱ ላይ ያደርገዋል። ከዚያ ግንባሩ ላይ። ከዚያ ነው የሚከፍተው። አንድ ጢሙ የሸበተ ፓኪስታናዊ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። በዕድሜ አባቴን ያክላል። እኔም ጎንበስ አልኩ፤ ሌላ ምን ይደረጋል?

ሥራው ጥሩ ነበር፣ አሁንም እሄዳለሁ። ግን መኪናው የሚቆመው ብዙ ሰው ባለበት ነው። እንደዚያ መሆኑም ትክክል ነው፤ በአንድ ማቆሚያ መቶ ሰው ይደርሰዋል። ስንመለስ በመስኮት እያየሁ መጣሁ። መንገዱ መሃል ባለው ደሴት ላይ ሣር የሚያጠጣ አንድ ሰው። የአውቶቡስ ፌርማታ መስታወት የሚወለውል አንድ ሰው። ጥላ በሌለው ሰፊ መንገድ ዳር ወረቀት የሚለቅም አንድ ሰው። እነዚህ ፎርማን ጠርቶ አያሰልፋቸውም። ለአንድ ሰው ብሎ መኪና አይቆምም። ሙቀቱ ግን ለብቻ የሚሠራውን የባሰ ነው የሚጎዳው፣ ቢወድቅ እንኳ ቶሎ የሚያይለት የለም።

ሰፈሬ ዴይራ ነው፣ አል ሙራቀባት አካባቢ። የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ካርጎው ሁሉ ያለበት። እኛ መንገድ ላይ የሚጠርገው ሰው ከኔፓል የመጣ ነው። ጋሪ፣ መጥረጊያና ረጅም መቆንጠጫ ይዞ ይዞራል። ፊቱን ከዓይኑ በቀር በጨርቅ ይጠቀልላል። ከጋሪው ጎን እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ያንጠለጥላል። ኩባንያው ጠዋት ውሃ ይሰጠዋል፤ አይሰጠውም አልልም። ግን 4 ሰዓት ሲሆን ያ ውሃ ለሻይ የሚሆን ነው።

መጀመሪያ ጠርሙስ ሳቀርብለት እጁን አወዛወዘ። «ኖ መኒ፣ ኖ መኒ» አለኝ። የምሸጥ መስሎት ነው። ነፃ ነው ስለው ዞር ዞር ብሎ አየ። ካሜራ የያዘ ሰው እየፈለገ እንደሆነ ገባኝ። ማንም አልነበረም። «ለምን?» አለኝ። «መንገዳችንን ስለምታጸዳ» አልኩት። አረብኛም እንግሊዝኛም ቀላቅዬ ነው ያልኩት፣ ግን ገባው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ ወደ አንድ ሕንፃ እያመለከተ፣ እዚያ ጋ ሰዎች ሲጋራ በየቀኑ እንደሚጥሉ፣ በጣም እንደሚያስቸግረው ነገረኝ። ስለ ሥራው ሲያወራ ፊቱ ተፈታ። ስለ ሥራው ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። አሁን «ዲዲ» ይለኛል፣ እትዬ እንደማለት ነው።

ውሃ ሰጥቶ መሄድና ቆም ብሎ ማውራት የተለያየ ነገር እንደሆነ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቀን የሰጠሁትን ጠርሙስ ግማሹን ብቻ ጠጥቶ አስቀመጠው። ለምን አልጨረስከውም አልኩት። አፍሮ ዝም አለ። ቆይቶ ሽንት ቤት ሩቅ ነው አለኝ።

እስቲ ይህን አስቡት። ሰውየው ውሃ አጥቶ አይደለም። የሚሸናበት ስለሌለው ውሃ እየተጠማ የሚውል ሰው ነው። ሽንት ቤት የሚያገኘው መስጊድ ሲደርስ ነው፤ መስጊዱ ደግሞ እሱ ከሚጠርገው መንገድ መጨረሻ ነው። ጋሪውን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ችግር ነው። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ይጎነጫል። ከዚያ ወዲህ ሌሎችንም ጠይቄያለሁ፤ አትክልተኛውንም፣ የዴሊቨሪ ሞተረኛውንም። ብዙዎቹ ያው ናቸው። ሴት የጽዳት ሠራተኞች ደግሞ የባሰ ይቸገራሉ። እናንተም ሰው ቤት ሳትሆኑ ውጭ ውጭ የሠራችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ የእኛን ሱፐርቫይዘር ጠየቅኩት። ከጀርባ በኩል የሠራተኞች ሽንት ቤት አለን፤ መንገድ የሚጠርጉት ይጠቀሙበት አልኩት። ደንበኛ ምን ይላል ብሎ አመነታ። በፊት በር ሳይሆን ዕቃ በሚገባበት በር ይግቡ አልኩት። ጋሪያቸውንም እዚያው ጥላ ሥር ያቁሙት። እሺ አለ። በሙቀቱ ወራት ከሠራሁት ሁሉ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው። አንድ ድርሃም አላወጣሁበትም። ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ ምግብ ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ካርቶን ውሃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንድ ነገር ብትጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ሰዓቱም ላውራ። ኤምሬትስ ውስጥ ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ በፈረንጅ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ሕጉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጣሰ አሠሪ በአንድ ሠራተኛ 5,000 ድርሃም ይቀጣል፣ ብዙ ሠራተኛ ከሆነ እስከ 50,000። በእረፍቱ ሰዓት ጥላ፣ ማራገቢያና ውሃ ማዘጋጀትም የአሠሪው ግዴታ ነው። እንደ አስፋልት ማንጠፍ ያሉ፣ መሃል ላይ ቢቆሙ የሚበላሹ ሥራዎች ግን ይፈቀዳሉ። ሌሎች የዓረብ አገራት ያላችሁ ሰዓታችሁ ይለያል። ሳዑዲ ከ6 እስከ 9 ነው። ኳታር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9:30። ኩዌት ከ5 እስከ 10 ሰዓት። በተከለከለው ሰዓት ሰው ፀሐይ ላይ ሲሠራ ካያችሁ ውሃ ሰጥታችሁ ብቻ አትለፉ። ኤምሬትስ ውስጥ 600590000 ደውላችሁ ንገሩ። ሰውየው ራሱ አይደውልም፣ ሥራውን ይፈራል።

ብዙ በጎ ፈቃደኛ ውሃ የሚያድለው ግን እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ያኔ አብዛኛው ሠራተኛ ጥላ ሥር ገብቷል። እኔ የምመርጠው ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለውን ነው። ሰው ሥራ ላይ ያለው ያኔ ነው፤ ፀሐይዋም ወጥታለች፣ ወበቁም አልለቀቀም።

ወበቁን ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እኔ ባቲ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የሰኞ ገበያ ቀን፣ ግመሉም ሰውም አቧራውም ባንድ ላይ፣ ሙቀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የባቲ ሙቀት ግን ደረቅ ነው። ላብ ይተናል፣ ጥላ ሥር ስትገቡ ያርፋችኋል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። እዚህ ባሕሩ አጠገብ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ጥላ ሥር ብትገቡም ያው ነው። ኦገስት 2025 መጀመሪያ ላይ ስዊሃን የሚባለው በረሃማ ቦታ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ሁሉም ሲያወራ ነበር። እኔ ግን ከእንዲያ ያለው ቁጥር ይልቅ 40 ከወበቅ ጋር ያስፈራኛል። በዚያው ሰሞን እናቴ ስትደውል ባቲ ዝናብ ነበር። ካፖርት ለብሼ ነው የማወራሽ ትለኛለች። እኔ ላቤን እየጠረግኩ እሰማታለሁ።

በጎ ፈቃደኞች ስንወጣ አጭር ትምህርት ተሰጥቶን ነበር። ከዚያ የያዝኩትን ላካፍላችሁ። ሰው እስኪጠማው መጠበቅ የለበትም፤ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል መጠጣት ነው ያለበት። አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ መጋት ጥሩ አይደለም። ለሰዓታት ላብ ያፈሰሰ ሰው ከውሃው ጋር ጨውም አጥቷል፤ ጡንቻው የሚኮማተረው ለዚህ ነው። እኛ አገር ለልጅ ተቅማጥ የሚሰጠው ለምለም፣ ማለትም ኦ አር ኤስ፣ እዚህ ፋርማሲ ውስጥ አለ፤ እሱን በውሃ በጥብጦ መስጠት ይረዳል። ይበልጥ የሚጎዱት አዲስ የመጡት ናቸው። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ቀናት ይፈጅበታል፤ ብዙ ሞት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ አዲስ ፊት ሳይ ቆም እላለሁ። ሰው ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ግራ ከተጋባ፣ ከተንገዳገደ ጉዳዩ የድካም አይደለም። 998 ተደውሎ አምቡላንስ ይጠራል። እስኪመጣ ጥላ ውስጥ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ ሰውነቱ ላይ ውሃ ማፍሰስና ማራገብ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ እንዳትሰጡ።

የማዘጋጀቱ ነገር ደግሞ የቤት ጣጣ አለው። የምኖረው ቤድ ስፔስ ነው፣ ስድስት ሴቶች አንድ ክፍል። ፍሪጁ አንድ ነው። ፍሪዘሩ በእንጀራ፣ በዶሮ፣ በአሣ የተሞላ ነው። መጀመሪያ ጠርሙስ ሳስገባ ማጉረምረም ነበር። በኋላ ከክፍሌ ልጆች አንዷ፣ የሐረሯ ልጅ፣ የራሷን ዶሮ አውጥታ ሠርታ አበላችንና ቦታውን ለቀቀችልኝ። አሁን እኔ ሌሊት ከሥራ ስገባ እሷ ጠርሙሶቹን ሞልታ አጋድማ ትጠብቀኛለች። ጠርሙስ እስከ ግማሽ ብቻ ውሃ ተደርጎበት ተጋድሞ ይቀዘቅዛል። ጠዋት ቀሪው በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል። በረዶው በጎኑ ስላለ ቶሎ አያልቅም፣ ውሃው ግን ወዲያው ይጠጣል። ድፍን በረዶ የሆነ ጠርሙስ ለጠማው ሰው አይሆንም፣ እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው። ይህን የማደርገው ግን ለሚያውቁኝ ብቻ ነው። ለማያውቀኝ ሰው ክዳኑ ያልተከፈተ ጠርሙስ ነው የምሰጠው። በሰው አገር የተከፈተ ነገር ከማያውቁት ሰው መቀበል ከባድ ነው። አለመቀበሉ ንቀት አይደለም።

ባዶውን ጠርሙስ መልሼ እወስዳለሁ። አንድ ጊዜ ትልቅ እደላ ከተደረገበት ቦታ በኋላ አልፌ ነበር። ጠርሙስ፣ የጁስ ስትሮው፣ የአይስክሬም ልጣጭ መንገዱን ሞልቶታል። ማን እንደሚለቅመው ታውቃላችሁ። ያው በፀሐይ የሚጠርገው ሰው ነው። ውሃ የምታድሉ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ የቆሻሻ ከረጢት አብራችሁ ያዙ።

ፎቶም እባካችሁ ይቅር። ይህን በደንብ አስቤበት ነው የምጽፈው። ሰው ፎቶ ሲያይ እሱም ይነሳሳል የሚል አለ፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን ያ ሰው ቤተሰብ አለው። አንዳንዱ ሚስቱ ቢሮ የሚሠራ ይመስላታል። ላቡ ሲንጠባጠብ፣ ከሴት እጅ ጠርሙስ ሲቀበል፣ ያ ምስል ቤቱ እንዲደርስ አልፈቀደም። አለቃው ፊት ሆኖ እንቢ ማለትም አይችልም። የራሳችሁን ፍሪዘር ፎቶ አንሱት፣ እኔ እሱን አይቼ እነሳሳለሁ።

ለምን ይህ ነገር እንደያዘኝ የሚጠይቁኝ አሉ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ሰው ቤት ለመሥራት ነው። ሐውሹን፣ ማለትም ግቢውን፣ በፀሐይ የማጥበው እኔ ነበርኩ፣ መኪናውንም እኔ። የጎረቤት ቪላ አትክልተኛ የባንግላዴሽ ሰው ነበር። ስሙን ሳላውቀው ነው የተለያየነው። በአጥሩ በኩል ከቴርሞሱ በረዶ ያለው ውሃ በክዳኑ ያቀብለኝ ነበር። እሱም የሚጠጣው ያንኑ ነው። ከዕለት ድርሻው ቆርሶ ነው የሰጠኝ። እኔ ዛሬ የምሰጠው ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን ነው፣ ከሱ ጋር አይወዳደርም። አስተዳደጌም አለበት። እኛ ዘንድ፣ ወሎ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ለመንገደኛ ውሃ ይሰጣል። ነቢዩ የትኛው ምጽዋት ይበልጣል ተብለው ሲጠየቁ ውሃ ማጠጣት እንዳሉ አባቴ ሁሌ ይነግረን ነበር። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ከወንጌል ትጠቅስልን ነበር።

ከውሃ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ ብዬም ጠይቄያለሁ። ኮፍያ ወይም መነጽር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ካልሲ አሉኝ። ጠንካራው ጫማ ውስጥ እግር በላብ ይርሳል፣ ይላላጣል። በቀን ሁለቴ ካልሲ መቀየር የቻለ ሰው እግሩ ይድናል። ከ1 እስከ 10 ድርሃም ሱቅ ገብታችሁ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ማግኘት ትችላላችሁ። ሌላው ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ነው። የእኛ ሱቅ የኋላ በር ጋ አሁን ሶኬት አለ፣ ልጆቹ በእረፍታቸው ስልካቸውን ሰክተው ከሚስትና ከልጅ ጋር ያወራሉ።

ለሞተረኞች ያለው ነገር ትንሽ የተሻለ ነው። በ2025 በመላ አገሪቱ ከ10,000 በላይ ማረፊያ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ኤሲ ያላቸው ክፍሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ሱቆች። ግን ትእዛዝ ሲበዛ ማን ያርፋል? ምግብ ስታዝዙ ቢያንስ በር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛችሁ ጠብቁ። ሊፍት ውስጥ ይጠጣዋል። በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት መካከል ባታዝዙ ደግሞ ይሻላል፣ ይህን በግልጽ ነው የምለው።

ሴፕቴምበር 15 የእረፍቱ ሕግ ያበቃል፣ ዘመቻዎቹም እስከዚያ ያበቃሉ። ሙቀቱ ግን ኦክቶበር ውስጥም አለ። እኔና የሐረሯ ልጅ እስከ ኦክቶበር እንቀጥላለን። አል ናህዳና አል ኩሳይስ የምትኖሩ ብዙ ሐበሾች እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እዚያ ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎችም ብዙ ናቸው። የሚፈለገው አንድ ቦርሳና የራሳችሁ መንገድ ነው፤ በየቀኑ የምታልፉበት፣ ሰዎቹን በመልክ የምታውቁበት። ገንዘብ አትላኩልኝ። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ገንዘብ መሰብሰብ በሕግ ያስጠይቃል፣ እኔም አልሰበስብም። እያንዳንዱ የራሱን ጠርሙስ ይያዝ። ብዙ ሰው ሆናችሁ መውጣት ካሰባችሁ በመንግሥት የበጎ ፈቃድ ድረ ገጽ ተመዝገቡ፣ ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ውጡ። ሂንዲ ወይም ቤንጋሊ ትንሽ የምትችሉ ካላችሁ በተለይ ጻፉልኝ። አንድ አዲስ የመጣ ልጅ አለ፣ ምን እንደሚለን አልገባንም፤ እግሩን እያሳየ ነው የሚያወራው።